በመቀነቱ ውስጥ ያሉ ነጥቦች

በ1930ዎቹ መጀመሪያ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሆልምዴል በምትባል ቦታ፣ ቀድሞ ድንች ይዘራበት በነበረ ሜዳ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ቀን ከሌት ይሽከረከር ነበር። ርዝመቱ 30 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከእንጨትና ከብረት ቱቦ የተገጣጠመ፣ በፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ጎማዎች ላይ የቆመ አንቴና ነው። አንድ ዙር ለመጨረስ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል። የሠራው ካርል ጃንስኪ የቤል ስልክ ኩባንያ ላቦራቶሪ ወጣት መሐንዲስ ነበር። ኩባንያው አትላንቲክን በሚሻገረው የራዲዮ ስልክ ላይ ጥሪ የሚያውከው ጫጫታ ከየት እንደሚመጣ እንዲያጣራ አዘዘው።

ጃንስኪ ጫጫታውን በሦስት ከፈለው። አንደኛው የቅርብ መብረቅ ነው፤ ሁለተኛው የሩቅ መብረቅ። ሦስተኛው የማያቋርጥ ለስላሳ ሹክሹክታ ሲሆን መጀመሪያ ከፀሐይ የሚመጣ መስሎት ነበር። ወራት ሲያልፉ ግን ሹክሹክታው ከፀሐይ እየራቀ ሄደ፤ በየ24 ሰዓቱ ሳይሆን በየ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃው ይመላለሳል። ይህ ደግሞ የከዋክብት ቀን ነው። ምንጩ በሳጂታሪየስ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ፣ ማለትም በጋላክሲያችን በፍኖተ ሐሊብ እምብርት በኩል እንደሆነ በ1933 ይፋ አደረገ፤ ኒውዮርክ ታይምስም ግንቦት 5 ቀን በፊት ገጹ አወጣው። ኩባንያው ሰማይን መጠገን እንደማይችል ሲገባው ጃንስኪን ወደ ሌላ ሥራ አዛወረው። በ1950 በ44 ዓመቱ ሲሞት የጀመረው ሳይንስ ገና እየዳኸ ነበር። ዛሬ የራዲዮ ምንጮች ብርታት የሚለካበት አሃድ በስሙ «ጃንስኪ» ይባላል።

ፋናውን ተከትሎ የተነሣው አንድ ሰው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ግሮት ሬበር በ1937 በኢሊኖይ ግዛት፣ ዊተን ከተማ፣ በቤቱ ጓሮ 9 ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ያለው ሳህን መሰል አንቴና በገዛ ገንዘቡ አቆመ። በ3,300 ሜጋኸርዝ ሞከረ፤ ምንም የለም። ወደ 910 ወረደ፤ አሁንም የለም። በ160 ሜጋኸርዝ ግን ሰማዩ መለሰለት። ቀን ቀን የመኪናዎች ሞተር ብልጭታ ስለሚረብሸው የሚያዳምጠው ሌሊት ነበር። በ1944 ያሳተመው ካርታ ፍኖተ ሐሊብን ከዳር እስከ ዳር በራዲዮ ያሳየ የመጀመሪያው ካርታ ነው። ሳጂታሪየስ፣ ሲግነስና ካሲዮፒያ ላይ ጉብታዎች ነበሩት። ይሁን እንጂ የአንቴናው እይታ 12 ዲግሪ ያህል ሰፊ ስለነበረ በጉብታዎቹ ውስጥ ያለውን ለይቶ ማየት አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቦታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ጋላክሲያችን ጠፍጣፋ ናት፤ እኛም ከውጭ ሳይሆን ከውስጧ ሆነን ስለምናያት በሰማይ ላይ የምትታየን እንደ ተጠመጠመ መቀነት ነው። ጋዙም፣ አቧራውም፣ አዲስ የሚወለዱት ግዙፍ ከዋክብትም፣ የፈነዱት ከዋክብት ቅሪቶችም የሚበዙት በዚህ ጠባብ መቀነት ውስጥ ነው። አቧራው በዓይን የሚታየውን ብርሃን ያስቀራል፤ ራዲዮን ግን አያግደውም። ስለዚህ የመቀነቱን ጥልቀት ለማየት ራዲዮ ተመራጭ መንገድ ነው። ጣጣው መቀነቱ ራሱ መጨናነቁ ነው። በአንድ አቅጣጫ ቅርብ ያለው ጋዝ፣ ሩቅ ያለው ጋዝና ከጋላክሲያችን ባሻገር ያለ ሌላ ጋላክሲ ተደራርበው ይታያሉ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ራዳር ሲሠሩ የነበሩ መሐንዲሶች ወደ ሰማይ ዞሩ። እንግሊዛዊው ጄምስ ሄይና ባልደረቦቹ በ1946 በሲግነስ ውስጥ ብርታቱ የሚወዛወዝ ምንጭ አገኙ፤ በ1948 ማርቲን ራይል እና ግርሃም ስሚዝ በካሲዮፒያ ውስጥ ከእርሱም የበረታውን አገኙ። ከሲድኒ ጆን ቦልተንና ባልደረቦቹ በ1949 አንዱን ነጥብ ከክራብ ኔቡላ፣ በ1054 የታየው ፍንዳታ ከተወው ቅሪት ጋር አገናኙት። ነጥቦችን የመቁጠር ትኩሳቱ ተነሣ። ካምብሪጅ በ1955 ያወጣው መዝገብ 1,936 ምንጮች ነበሩት፤ አብዛኞቹ ግን የብዙ ደካማ ምንጮች ድብልቅ ሆነው ተገኙ። ትምህርቱ መራራ ነበር። ብዙዎቹ ቆጣሪዎችም ከዚያ ወዲያ መቀነቱን ሸሽተው ሰማዩ ወደሚጠራበት ወደ ላይና ወደ ታች ሄዱ። እኔን የሚማርኩኝ ግን እዚያው ግርግሩ ውስጥ የቀሩት ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ ሆላንዳዊው ጋርት ቬስተርሃውት ነው። በድዊንገሎ 25 ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ በ1956 ሲጠናቀቅ በ1,390 ሜጋኸርዝ መቀነቱን ጠረገው። እይታው ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በልጦ ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ጋር ይቀራረብ ነበር። በ1958 ባሳተመው ዝርዝር ውስጥ ከ80 በላይ ምንጮች አሉ፤ እያንዳንዳቸውም በስሙ የመጀመሪያ ፊደል፣ በደብልዩ እና በተራ ቁጥር ይጠራሉ። ዛሬም የሥነ ፈለክ ሰዎች ደብልዩ 3፣ ደብልዩ 51 ሲሉ የሚጠቅሱት ያንኑ ዝርዝር ነው። እዚያ ውስጥ ጎን ለጎን የተጻፉ ሁለት ቁጥሮችን ልብ በሉልኝ፤ 49ኛውንና 50ኛውን። ከኋላ የመጡት ቅኝቶች ምን እንደለወጡ ከእነዚህ ሁለቱ በላይ የሚያስረዳ አላገኘሁም።

በ1960ዎቹ የተሻሉ አንቴናዎች 49ኛውን ሲያዩት ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ቁራጭ ከግዙፍ ከዋክብት የሚወጣ ኃይለኛ ብርሃን ያጋለው የሃይድሮጅን ጋዝ ነበር፤ ያም የከዋክብት መውለጃ ነው። ሌላኛው የፈነዳ ኮከብ፣ የሱፐርኖቫ ቅሪት ሆኖ ተገኘ። በአንድ ተራ ቁጥር ሥር ልደትና ሞት አብረው ተመዝግበው ኖረዋል ማለት ነው። የሚለያቸው መስፈሪያ በጊዜው ታውቆ ነበር። የጋለ ጋዝ በረጅምም በአጭርም ሞገድ ተቀራራቢ ብርታት ይኖረዋል፤ በማግኔት መስክ ውስጥ በብርሃን ፍጥነት ገደማ የሚሽከረከሩ ኤሌክትሮኖች የሚረጩት ጨረር ግን ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ይደክማል። በአንድ ሞገድ ብቻ የታየ ነጥብ ስለዚህ ማንነቱን አይናገርም። የዚህ ታሪክ ችግር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፤ መቁጠር አንድ ነገር ነው፣ መለየት ሌላ።

በ1967 ደግሞ ከትልቅ የጋዝ ደመና ውስጥ ትንንሽና እጅግ ብሩህ እንክብሎች ብቅ አሉ። ራይል እና ዴኒስ ዳውንስ በሲግነስ አቅጣጫ ዲ አር 21 የተባለውን ምንጭ በጥራት አዩት፤ በዚያው ዓመት ፒተር ሜዝገርና ባልደረቦቹ እንደዚህ ያሉ ጥቅጥቅ ያሉ የጋዝ እንክብሎች ራሳቸውን የቻሉ አዲስ ወገን መሆናቸውን አስታወቁ። ማኅፀኑን ገና ያልለቀቀ ግዙፍ ኮከብ ዙሪያውን ያለውን ጋዝ ሲያግል የሚታይ ምልክት ነው።

50ኛው ቁጥር ተራው የደረሰው በ1978 ነው። ደብልዩ 50 ሰፊ የሱፐርኖቫ ቅሪት ይመስል ነበር፤ በመካከሉ ግን አንዲት ጠባብ የራዲዮ ነጥብ ነበረች። እንግሊዛውያኑ ዴቪድ ክላርክና ፖል መርዲን በአውስትራሊያ በሚገኝ የእይታ ቴሌስኮፕ ነጥቧ ያለችበትን ኮከብ ብርሃን መርምረው ጠንካራ የሃይድሮጅን መስመሮች አገኙ። ኮከቧ በሌላ ዝርዝር ውስጥ ኤስ ኤስ 433 ተብላ ተመዝግባ ኖሯል። አሜሪካዊው ብሩስ ማርገንና ባልደረቦቹ ተከታትለው ሲያዩት መስመሮቹ ከሌሊት ወደ ሌሊት ቦታቸውን ይለውጣሉ። መልሱ አስደናቂ ነበር። ከአንዲት ጠባብ ቦታ ጋዝ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ በብርሃን ፍጥነት ሩብ ገደማ ይረጫል፤ የመርጫውም አቅጣጫ በ160 ቀናት ገደማ አንድ ዙር ይዞራል። ሩቅ ጋላክሲዎች ውስጥ ብቻ የሚታይ ይመስል የነበረው ነገር እዚሁ ጓሯችን ውስጥ በትንሹ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በመቀነቱ ውስጥ ያለች አንዲት ነጥብ ተራ ናት ብሎ መተው ለሚያስብ ሰው ከባድ ሆነ።

በዚያው ሰሞን ካናዳውያኑ ፊሊፕ ግሪጎሪ እና ራስ ቴይለር ሌላ ዘዴ ይዘው ነበር። በዌስት ቨርጂኒያ ግሪን ባንክ ባለው 91 ሜትር ቴሌስኮፕ መቀነቱን አንዴ ሳይሆን ከ1977 እስከ 1981 ደጋግመው ጠረጉት። የሚፈልጉት ብርታቷ የሚለዋወጥ ነጥብ ነበር፤ ምክንያቱም የጋዝ እንክብልም ሆነ የሱፐርኖቫ ቅሪት በወራት ውስጥ አይለወጥም። ካገኟቸው አንዷ ኤል ኤስ አይ +61 303 የተባለች ኮከብ ነች፤ በየ26 ቀን ተኩል ገደማ በራዲዮ ትፈነጥቃለች። ቴሌስኮፑ ራሱ በ1988 ኅዳር ውስጥ አንድ ምሽት በድንገት ፈራርሶ ወደቀ፤ ሰው አልተጎዳም።

ግን የመቀነቱን ቆጠራ ከመሠረቱ የለወጠው በኒው ሜክሲኮ በረሃማ ሜዳ በ1980 የተመረቀው ቪኤልኤ ነው። እያንዳንዳቸው 25 ሜትር የሆኑ 27 ሳህኖች በሦስት ክንድ በባቡር ሐዲድ ላይ ተዘርግተዋል፤ ክንዶቹ እያንዳንዳቸው 21 ኪሎ ሜትር ናቸው። ሳህኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይነጻጸራሉ፤ 351 ጥንዶች ይሆናሉ። ተደምረው አንድ ትልቅ ቴሌስኮፕ ያህል ጥራት ይሰጣሉ። አንድ ዲግሪን በ3,600 ከፍለን የምናገኘው ቁራጭ ቅስት ሰከንድ ይባላል፤ ቪኤልኤ በጥቂት ቅስት ሰከንዶችና ከዚያም ባነሰ ስፋት መለየት ይችላል። ጉድለትም አለው። ሳህኖቹ ተራርቀው ሲቆሙ ሰፊውን የጋዝ ጭጋግ አያዩትም፤ ከእይታቸው ይጠፋል። ለሌላው ተመልካች ይህ ድክመት ነው። ነጥቦችን ለሚቆጥር ግን ትልቅ ጸጋ ሆነ፤ መቀነቱን የሚያደበዝዘው ጭጋግ ራሱ ሲጠፋ ከሥሩ የተቀበሩት ነጥቦች ብቻቸውን ቆመው ይታያሉ።

ቀድመው ከተጠቀሙት መካከል የካምብሪጆቹ ዴቪድ ግሪን እና ስቲቭ ጋል ነበሩ። በጋላክሲው እምብርት አጠገብ ጂ1.9+0.3 የምትባል ትንሽ ምንጭ የሱፐርኖቫ ቅሪት መሆኗን በ1984 ሲያስታውቁ፣ ከሚታወቁት ሁሉ ያነሰች ስለነበረች ወጣት መሆን አለባት ብለው ጠረጠሩ። ዕድሜዋን ለመቁጠር ግን ስትሰፋ ማየት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ዓመታት ይጠይቃል። ጉዳዩን እዚያው ትተነው እንለፍ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1989 ዳግላስ ዉድ እና ኤድ ቸርችዌል የታተመላቸው ሥራ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከእኔ አድናቆት ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ቪኤልኤን በ6 እና በ2 ሴንቲሜትር ሞገድ ተጠቅመው 75 እጅግ የታመቁ የጋዝ እንክብሎችን በጥራት አነሱ። እነዚህ ከአንድ ብርሃን ዓመት ሲሶ የማይበልጥ ስፋት ያላቸው፣ በውስጣቸው አንድ ወይም ጥቂት ግዙፍ ከዋክብት ተሸሽገው ጋዙን የሚያግሉ ናቸው። ቅርጻቸውን ለዩ፤ ክብ፣ ቅርፊት መሰል፣ ከመሃል በርትቶ ዳሩ የሚደበዝዝ፣ ቅርጽ የለሽ፣ እና ጅራታም ኮከብ የሚመስል ብለው ሰየሟቸው። ከዚያ ቆጠሯቸው። በ1983 ኢራስ የተባለችው ሳተላይት ከአቧራ የሚወጣውን የኢንፍራሬድ ጨረር መዝግባ ስለነበር የሕፃናት ግዙፍ ከዋክብት ቀለም ምን እንደሚመስል ተምረው በመላው መቀነት ስንት እንደሚኖሩ ገመቱ። ያኔ ነው ችግሩ የታየው። የጋለው ጋዝ በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሰፋ ይሄዳል፤ በዚህ ፍጥነት እንክብሉ በ10 ሺህ ዓመት አካባቢ ውስጥ ሰፍቶ ጠባብነቱን ያጣል። በቁጥር የተገኙት ግን ከዚያ አሥር እጥፍ ያህል ዕድሜ ካልኖራቸው በስተቀር ሊበዙ የማይችሉ ናቸው።

የቆጠራ ኃይል ይህ ነው። አንድ እንክብል ብታይ ውብ ነገር ታያለህ፤ ሺህ ብትቆጥር ግን ፊዚክሱ ስህተት እንዳለበት ትረዳለህ። ብዙ መፍትሔ ቀረበ። አንዳንዶቹ ኮከቡ በደመናው ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ጋዙን ከፊቱ ስለሚያጭቀው ነው አሉ፤ ሌሎቹ በኮከቡ ዙሪያ ያለ ጠፍጣፋ የጋዝ ዲስክ እየተነነ እንክብሉን ስለሚመግበው ነው አሉ። ኋላ ደግሞ የኮምፒውተር ስሌት የሠሩት ኮከቡ ገና ጋዝ እየዋጠ ሳለ እንክብሉ አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ይኮማተራል፤ የምናየው ብልጭልጭታ ነው አሉ። ክርክሩ ብዙ ነጥቦችንና የተሟላ ዝርዝር ይጠይቅ ነበር።

ያንን ዝርዝር በመሥራት የጸኑት ሮበርት ቤከር፣ ሪቻርድ ኋይት፣ ዴቪድ ሄልፋንድ እና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1990 በ20 ሴንቲሜትር ሞገድ ወደ 2,000 የሚጠጉ ትንንሽ ምንጮችን አወጡ፤ በ1994 ደግሞ በ6 ሴንቲሜትር የመቀነቱን ጠባብ እምብርት አርሰው 1,272 ምንጮችን መዘገቡ። ለምን ሁለት ሞገድ? ምክንያቱም በጣም የታመቀ የጋለ ጋዝ በረጅም ሞገድ ራሱን ስለሚሸፍን ይደበዝዛል፤ በ6 ሴንቲሜትር ግን ይበራል። ሌላ ጋላክሲ ግን በተቃራኒው በ20 ሴንቲሜትር ይበረታል። ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ማድረግ መለየትን ያስጀምራል።

በዚያው ዓመት ፌሊክስ ሚራቤል እና ሉዊስ ሮድሪጌዝ በቪኤልኤ ጂ አር ኤስ 1915+105 የምትባልን ነጥብ ሲከታተሉ የተረጨው ጋዝ ከብርሃን የፈጠነ እስኪመስል ድረስ ሲሮጥ አዩ፤ እውነተኛ ፍጥነቱ ከብርሃን በታች ቢሆንም ወደ እኛ አቅጣጫ ስለሚገሰግስ ዓይን ይታለላል። በጋላክሲያችን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በ2005 ኋይት፣ ቤከርና ሄልፋንድ አንድ ነገር አደረጉ፤ ዝነኛ ያልሆነ፣ ግን የሙያው ሰው የሚያከብረው። የቆዩትን መረጃዎች ከመዝገብ ቤት አውጥተው ከአዳዲሶቹ ጋር አዋሕደው እንደገና ከመጀመሪያው ሠሯቸው። ያ ሁሉ መረጃ በመጀመሪያ የተሠራው ኮምፒውተር ደካማ፣ ዘዴውም ሻካራ በነበረበት ዘመን ነው። በአዲሱ ሥራ የ20 ሴንቲሜትሩ ዝርዝር 331 ካሬ ዲግሪ ገደማ ሸፍኖ ከ5,000 በላይ ምንጮች አገኘ፤ የ6 ሴንቲሜትሩ 43 ካሬ ዲግሪ ውስጥ ከ2,700 በላይ። አስተማማኝ የሆኑት ነጥቦች በ20 ሴንቲሜትር በ30 ከመቶ፣ በ6 ሴንቲሜትር በ50 ከመቶ ጨመሩ። ቴሌስኮፑ አብዛኛውን ቀድሞ አይቶት ነበር፤ የጎደለው አንባቢ ነበር። መዝገብ ጠብቆ ማስቀመጥ ለምን እንደሚጠቅም የሚጠይቅ ካለ ይህን ሥራ አሳየዋለሁ።

በቀጣዩ ዓመት እነዚሁ ሰዎች ማግፒስ የሚባለውን ቅኝት አወጡ። ሳህኖቹ ተራርቀውም ተቀራርበውም በተለያየ አቀማመጥ የቃኙትን አዋሕደው ቅድም ያልኩትን ጭጋግ መለሱት፤ ነጥቡም ጭጋጉም በአንድ ምስል ታየ። ከ3,000 በላይ ነጥብ መሰል ምንጮችና 400 ገደማ ሰፋፊ ክልሎች ነበሩበት። ምስሉን ኤም ኤስ ኤክስ ከተባለው ሳተላይት የኢንፍራሬድ ካርታ ጋር ሲያስተያዩት መለየቱ ቀለለ፤ በኢንፍራሬድ የሚበራው የጋለ ጋዝ ነው፣ በራዲዮ እየበራ በኢንፍራሬድ የጨለመው የሱፐርኖቫ ቅሪት ሳይሆን አይቀርም። በዚህ መንገድ 49 ጠንካራ የሱፐርኖቫ ቅሪት እጩዎችን ለዩ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ ምዕተ ዓመት ጋላክሲያችን ውስጥ ሁለት ሦስት ከዋክብት እንደሚፈነዱ ከተገመተና ቅሪታቸውም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታትን ከቆየ ከሺህ በላይ ቅሪት መኖር ነበረበት፤ የሚታወቁት ግን 300 እንኳ አይሞሉም ነበር። የጎደሉት ትንንሾቹ፣ ማለትም ወጣቶቹ ነበሩ።

አሁን ወደ ጂ1.9+0.3 እንመለስ። በ2007 ቻንድራ የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ሲያያት በ1985 ቪኤልኤ ካነሳት ምስል 16 ከመቶ ያህል ሰፍታ ተገኘች። ግሪን ቪኤልኤን በ2008 መልሶ ወደ እርሷ አዞረው፤ መስፋቷ ተረጋገጠ። ወደ ኋላ ሲሰላ ፍንዳታዋ ከ150 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የታየ መሆን ነበረበት። በጋላክሲያችን ከታወቁት ሁሉ ወጣቷ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ገደማ ሰማዩ ላይ ፈነዳች፤ ማንም አላያትም፤ አቧራው ጋርዷት ነበር።

በ2003 የተወነጨፈው ስፒትዘር የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ መቀነቱን በቸርችዌል መሪነት በጥራት ካነሳ በኋላ ራዲዮው መድረስ ነበረበት። ኮርኒሽ የተሰኘው ቅኝት የተወለደው ለዚህ ነው። በእንግሊዝ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ በሜልቪን ሆር የተመራው ቡድን በቪኤልኤ በ6 ሴንቲሜትር 110 ካሬ ዲግሪ ሸፈነ፤ ጥራቱ 1 ቅስት ሰከንድ ተኩል። በ2013 የታተመው ዝርዝር 3,062 ምንጮች አሉት። እያንዳንዱን በዓይን እያዩ፣ ከስፒትዘር ምስል ጋር እያነጻጸሩ ለዩት። ከዚህ ውስጥ 239ኙ የታመቁ የጋዝ እንክብሎች ሆነው ተረጋገጡ፤ ሌሎቹ ደግሞ የሚሞቱ መካከለኛ ከዋክብት የጣሉት ጋዝ፣ የራዲዮ ከዋክብት እና ከመቀነቱ ባሻገር ያሉ ጋላክሲዎች ናቸው። የመጨረሻዎቹ መብዛታቸው ይገርማል፤ በጋላክሲያችን ወገብ ላይ ስንቆጥር እንኳ ብዙው ነጥብ የጋላክሲያችን አይደለም።

በ2018 ስለ እንክብሎቹ ብልጭልጭታ የተነሣው ግምት ማስረጃ አገኘ። ለሁለት ከተከፈለው ደብልዩ 49 የመውለጃው ክፍል ውስጥ ጂ2 የምትባል እንክብል በ1994 እና በ2015 በተነሱ ምስሎች ሲነጻጸር ደብዝዛና ቅርጿም ተለውጦ ተገኘች። ጋዙ እየሰፋ ብቻ ሳይሆን እየተዋጠም ነው ለሚሉት ይህ አንድ ድጋፍ ነው፤ ሁሉንም ግን አላሳመነም። ግሪጎሪ እና ቴይለር ያገኟት ተለዋዋጭ ኮከብ ደግሞ ከ40 ዓመት በላይ ምስጢሯን ይዛ ቆይታ በ2022 ፋስት የተባለው የቻይና 500 ሜትር ቴሌስኮፕ በየ0.269 ሰከንዱ የሚመታ ትርታ ከእርሷ እንዳዳመጠ ተገለጸ። አብሯት ያለው እጅግ የታመቀ የፈነዳ ኮከብ አስኳል፣ ኒውትሮን ኮከብ ነበር።

ከሁሉም በላይ ቆጠራውን ያሰፋው አፍሪካ ውስጥ ነው። በደቡብ አፍሪካ ካሩ በረሃ፣ 13 ሜትር ተኩል የሆኑ 64 ሳህኖች ያሉት ሚርካት በሐምሌ 2018 ተመረቀ። ደቡባዊ ንፍቀ ክበብ ላይ መሆኑ የጋላክሲው እምብርት ከአናቱ በላይ እንዲያልፍለት አድርጎታል፤ ኒው ሜክሲኮ ላለው ግን ከአድማስ ሳይርቅ ነው የሚያልፈው። በ1.3 ጊጋኸርዝ መቀነቱን በ8 ቅስት ሰከንድ ጥራት ቃኝቶ ምስሉ በ2024 ታተመ። ማግፒስ ከአንድ እስከ ሁለት ሺኛ ጃንስኪ ድረስ ያያል ብለን ስናደንቅ ነበር፤ የሚርካት ምስል ጫጫታ ግን ከ10 እስከ 20 ሚሊዮንኛ ጃንስኪ ብቻ ነው። በ2025 የወጣው የነጥብ መሰል ምንጮች መዝገብ ከ500,000 በላይ ምንጮችን ይዟል።

ግማሽ ሚሊዮን ነጥብን በዓይን እያዩ መለየት የማይቻል ነገር ሆኗል፤ ኮርኒሽ የሠራው ዓይነት ሥራ እዚህ ላይ ከሰው አቅም በላይ ይሆናል። ሥራው በሠለጠነ ኮምፒውተር የኢንፍራሬድ ካታሎጎችን ከራዲዮው ጋር ማዛመድ ሆኗል። ሁለተኛ ሞገድም ያስፈልጋል። ሚርካት ላይ ከጀርመኑ ማክስ ፕላንክ ተቋም ጋር የተጀመረው ሌላ ቅኝት ይህን መቀነት ባጠረ ሞገድም ይቃኛል፤ የመጀመሪያ ዙሩ ብቻ 78 አዳዲስ ፑልሳሮችን፣ ማለትም ትርታ የሚሰጡ ኒውትሮን ኮከቦችን አገኘ። በዚያው በረሃ እየተገነባ ያለው ታላቁ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ሲጠናቀቅ 197 ሳህኖች ይኖሩታል፤ የሚርካት 64ቱም ከነዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ።